ከስንት?

ልጄ ስልኳን ከቻርጀር ነቅላ «አባዬ፣ መቶ ሞላ» ስትለኝ አንድ የድሮ ስብሰባ ይመጣብኛል። እሷ የምታወራው ስለ ባትሪ ነው። እኔን ግን የሚሸተኝ መስኮት ሥር ወድቆ የፈላ የሰኔ ማንጎ ነው፤ የምሰማው የፕሮጀክተር ማራገቢያ ነው።

ስማኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አሶሳ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበርኩ። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ። ከዚያ በፊት ደመወዜን የምቀበለው በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ ነው። በጎልማሶች ትምህርት አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የተቀመጠው ከኩርሙክ የመጣ የበርታ ብሔር ልጅ ነበር፤ ኋላ አገሩ ተመልሶ የቀበሌው ፓምፕ ጠባቂ ሆነ። አስተማሪያችን ቁጥር በጠራን ቁጥር «ከስንት?» ይለናል። «አራት ሰው ቀርቷል» ካልከው «ከስንት?» ነው። ካልመለስክ አያስቀምጥህም። ጓደኛዬ ቃሉን ወደደው። ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሲቀርብለት እንኳ «ከስንት?» እያለ አስተናጋጇን ያስቃት ነበር።

ያን ቀን ስብሰባ የተጠራነው ለአንድ ጉዳይ ነው። ያለን የጥገና መኪና አንድ፤ ዝናቡ መንገድ ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ቀን። መኪናው ወደ ካማሺ ይሂድ ወይስ ወደ ኩርሙክ? ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት ባለሙያ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የተበላሹ ፓምፖችን ሪፖርት ከፈተ። «ይሄ ተገልብጦ የመጣ ፋይል አይደለም» አለ። «ከመረጃ ቋቱ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ከገጠር ሲላክ ወዲያው እዚህ ይታያል።»

እውነቱን ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጓደኛዬ ነው፦ «የሰባተኛ ፓምፕ ሪፖርት ላክሁ። ወላሂ ሁሉ ሞተች። መኪናው መቼ ትመጣለች?» ቀና ስል ግድግዳው ላይ የኩርሙክን ብልሽት የምታሳየው ዘንግ ትንሽ ከፍ አለች።

የውኃ ቢሮው ኃላፊ ዘንጉን አላየም። ያየው የመቶኛውን አምድ ነው። ካማሺ በኩል ያለች አንዲት ወረዳ ከተበላሹት ፓምፖች አርባ በመቶ፤ ኩርሙክ ሃያ ሁለት።

«አለቀ» አለ። «አርባ እያለ ሃያ ሁለት ጋ ምን ያስኬደናል?»

እኔ ጠረጴዛ ሥር በጣቴ እየደመርኩ ነበር። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ያነባል፣ ይደምራል። አምዱ ሦስት መቶ መጣ። ደገምኩት፤ ሦስት መቶ። የክልሉ ዞኖች ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መቶ ተሰጥቷቸዋል። እዚያ ክፍል ያለው ሁሉ ባለ ዲፕሎማ ነው፣ እኔ ባለ አውራ ጣት። ዝም አልኩ። የኃላፊው እስክሪብቶ የመኪናውን የጉዞ ወረቀት ሲጭር ሰማሁት።

አፌ የተከፈተው ውጭ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ነው።

«አርባው ከስንት ነው?»

«ከመቶ ነዋ» አለ ኃላፊው። ሌሎቹ ሳቁ። «ማታ ማታ የተማሩት እንዲህ ያደርጋል» አለ አንዱ።

ባለሙያው አልሳቀም። ስሌቱን ከፍቶ አየ፣ ግንባሩን ጠረገ። «ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ድርሻው የተሰላው ከክልሉ ድምር ሳይሆን ከየዞኑ ድምር ነው። ቋቱን መንካት አልችልም፤ ስሌቱን ግን እዚሁ ሪፖርቱ ላይ አስተካክለዋለሁ።» አስተካከለው። አርባ የተባለው ከአሥር ብልሹ ፓምፕ አራቱ ነበር። ሃያ ሁለቱ ግን ከመቶ ሃያ ሁለቱ። አሁን ኩርሙክ ከሁሉም በላይ ወጣች።

«ለሹፌሩ ይደወል» አለ ባለሙያው።

«ፈርሜያለሁ» አለ ኃላፊው። «በየደቂቃው የሚቀያየር ግድግዳ እያየሁ መኪና አላዞርም።»

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ የኩርሙክን መንገድ ቆረጠው። ለጓደኛዬ «ትመጣለች» ብዬ ጻፍኩለት። መዋሸቴን አውቃለሁ። ኃላፊውን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ፤ ግን ከመፈረሙ በፊት አንድ ቃል መናገር የምችለው እኔ ነበርኩ።

ኩርሙክ የገባነው በጥቅምት ነው። የጎርፍ ውኃ እየጠጡ ልጆቹ ሲታመሙበት ጓደኛዬ ይዟቸው ወደ ሚስቱ ዘመዶች ሄዷል አሉኝ። የት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም። ስልኩም አይጠራም። በሰባተኛው ፓምፕ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሁልጊዜ በሚንጋደደው «ሰ» ፊደሉ፣ በከሰል የጻፈውን ዝናብ በከፊል አጥቦታል፦

«ሰባት ከሰባት»

ፓምፑን ጠገንን፤ ውኃው ወጣ። ሌሎቹ ዕቃ ሲጭኑ እኔ ቁራጭ ቆርቆሮ ፈልጌ ከጽሑፉ በላይ ቸነከርኩለት፤ የቀረውን ዝናብ እንዳይወስደው።