እናቴ እንድትቀመጥ፦ ከማዮ ወደ ዐማራት

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሱዳን ዋና ከተማ ዳርቻ፣ ከማዮ ስንነሳ ዓላማችን አንድ ብቻ ነበር፤ እናቴ እንደ ሰው እንድትቀመጥ። የማህፀን በር ካንሰር ዳሌዋ ውስጥ ተሰራጭቶ መቀመጥ ከከለከላት ወራት ሆኗታል። ሞርፊኑም ከሕመሙ ይልቅ እሷን ማደንዘዝ ጀመረ። ካንሰሩን ማጥፋት እንደማይቻል ተነግሮናል። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ግን ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ነርቭ በመርፌ ዝም የምታሰኝ ሐኪም አለች ተባልን።

ጎረቤታችን ዐም ሙሳ ባለ ሦስት ጎማ ረክሻውን ደጃፋችን አቆመ። እናቴ ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ወጣች፤ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ መደገፊያውን አቀፈች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ወገቧን ያዝኩ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው።

«በራሓ፣ ዐም ሙሳ፤ ቀስ በል» አልኩት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ አህዮቹ ይቀድሙናል።»

እናቴ ሳቀች። ወዲያው ግን የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ዴም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሙሉ የምትባለው የእናቴ ጓደኛ መንገዳችን ላይ ባለው ፉል ቤቷ ቁርስ አቀረበችልን። እናቴ ቆማ ሁለት ጉርሻ ቀመሰች።

«እንዴት ነሽ?» አለቻት ሙሉ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በእኛ ቤት ሕመምን መናገር ፈጣሪን ማማረር ነው። ሱዳናዊው አባቴም ነፍሱን ይማረውና እስከ መጨረሻው ቀን «ተማም፣ ደህና ነኝ» እያለ ነው የሞተው።

ዐማራት፣ አራት ሰዓት

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ከአስር ስንት ያምሻል?» ብላ በዐረብኛ ጠየቀቻት።

«አልሐምዱሊላህ። ሁለት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መርፌው የራሱ አደጋ አለው። ለሁለት አልወጋም፤ ክኒኑን እናስተካክል።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ተንበርክካ መጥታ፣ ተንበርክካ ልትመለስ ነው። የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩና ለሐኪሟ ዘረጋሁት፤ በጥርሷ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል።

«ገመናዬን አወጣሽው» አለችኝ እናቴ ተቆጥታ።

ሐኪሟ እጇን ያዘቻት። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሕመምሽን ብትነግሪኝ ፈጣሪ አይቀየምም፣ ያ ኻልቲ።»

እናቴ ነጠላዋን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደች። ከዚያ በአማርኛ «ዘጠኝ» አለችና አለቀሰች። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።

በሆዷ አስተኟት። በራጅ እያዩ፣ ከታችኛው የጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ወዳለው የነርቭ ጥልፍልፍ ቀጭን መርፌ አደረሱ። መጀመሪያ ማደንዘዣ ሰጥተው ለውጡን አዩ፤ ቀጥሎ ነርቩን የሚገድለው አልኮል ገባ።

«አፌ ያልቀመሰውን አረቄ በጀርባዬ ልታጠጡኝ?» አለች እናቴ።

ሐኪሟ አልዋሸችንም። ለተወሰኑ ወራት ያስታግሳል እንጂ ለዘለዓለም አይደለም፤ ሕመሙንም ሁሉ አይወስደውም አለች።

ወደ ማዮ፣ አሥር ሰዓት

ዐም ሙሳ ልትንበረከክ ነው ብሎ መደገፊያው ላይ ትራስ አስሮላት ጠበቀን። እናቴ ትራሱን ፈታ አቀፈችው፤ ቀስ ብላ ዝቅ አለች፤ ተቀመጠች። ፊቷ ወደ ፊት ነበር።

ማዮ ደርሰን ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ «ሙሳ፣ አነዳድህ ግን እንዲህ መጥፎ ነው?» አለችው።

ቤታችን ደርሰን በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጠች ዐም ሙሳ «እንዴት ነሽ ታዲያ?» አላት።

«መርፌው የገባበት ያመኛል» አለች። ትንሽ አሰበችና «ሦስት» ብላ ጨመረች።

ስታማርር ስሰማት በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬን መሸከም አቅቶኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንዴት አደርሽ አልላትም። ከአስር ስንት ብዬ እጠይቃታለሁ፤ እሷም ትነግረኛለች።