ባና ሠሪው ደመላሽ

ደመላሽ ሞላሌ ውስጥ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ እየሠራ የሚኖር ሸማኔ ነበር። ከተማዋ ተከብባ መንገዱ ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ ጠጉር የሚያመጣለት ገበሬ ጠፍቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የመጨረሻው ውጊያ ዕለት ማለዳ ተኩሱ ከዳገቱ ወርዶ ደጁ ደረሰ። ጥይት የጭቃውን ግድግዳ እየበሳ ሲገባ፣ ሲሸምን እግሩን በሚያስገባባት ጉድጓድ ውስጥ ሚስቱን ጽናትን ገፍቶ ከተታት።

«አንተስ?» አለችው።

«ለሁለት አትበቃም፤ አጎንብሺ!»

ባና ደረበባትና በላይዋ ተደፋ። ወዲያው የከባድ መሣሪያ አረር የጣራውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ገባና ፈነዳ። ጽናት ጆሮዋ ደነቆረ። ትኩስ ደም በአንገቷ ሲወርድ የራሷ መስሏት ጮኸች፤ የሱ ነበር። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ተበጥሶ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። መቀነቷን ፈትታ ጥርሷን ነክሳ ክንዱን አሰረችው። ጎትታ ስታወጣው ጎረቤታቸው ባለ ወፍጮ ቤቱ ትዕዛዙ ደጃፋቸው ላይ በደረቱ ወድቋል፤ ጭንቅላቱ የለም። ተራምዳው አለፈች።

ከሰዓት በኋላ ከበባው ተሰበረ። ደመላሽ ተረፈ፤ እጁ ግን ተቆረጠ። አሁን የምትሸምነው ጽናት ናት። በመንደሩ ሴት ስትሸምን ታይቶ አይታወቅምና ብዙዎች ያንሾካሽካሉ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ክሩን እንዳታላላ ይቆጣታል።