ከአሥራ ስምንት ቀጥሎ ዜሮ

ሐረር ሳስተምር በጣም የኮራሁበት ሥራ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈቃደኛ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ክፍላችን እሰበስብ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ በፍላሽ ይዤው የመጣሁት አንድ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ተከታታይ ቁጥሮች ሲሰጡት ቀመራቸውን ይገምታል። 1፣ 4፣ 9፣ 16 ካላችሁት፣ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ ማባዛት ነው ብሎ ይመልሳል። ነፃ ነው፤ የተጻፈበት ኮድም ክፍት ነው። ማንም አንብቦ ማሻሻል፣ ያሻሻለውንም ለሌላው ማካፈል ይችላል። ይህን በየሳምንቱ ስለምደጋግመው ተማሪዎቹ ዓረፍተ ነገሩን ከአፌ ነጥቀው ይጨርሱልኝ ነበር።

ከሁሉም የምትተጋው ከከተማው ወጣ ካለችው ከሶፊ መጥታ ኤረር በር አጠገብ አክስቷ ቤት የምትኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ጫት አምራቹ አባቷ ልጃቸው ከትምህርት በኋላ ምን እያደረገች እንደምታመሽ አልገባቸውም። በወላጆች ቀን መጥተው ሊያዩ፣ ካልጣማቸው ደግሞ ይዘዋት ወደ ሶፊ ሊመለሱ ቆርጠው ነበር።

አንድ ሐሙስ ዲያቆን የሆነ የክፍል ጓደኛዋ አበቅቴን አስገባ። አበቅቴ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት፣ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ቁጥር ነው። 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25 ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙ ወዲያው ገመተ፦ በየዓመቱ 11 መጨመር፣ 30 ሲሞላ 30ውን መጣል።

"ለምን አሥራ አንድ?" አልኳቸው።

"ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል አይደል?" አለች ልጅቷ። "የጨረቃ ዓመት በዚያው ልክ ያጥራል። ቁጥራችሁ ከኛ ጨረቃ ነው የተወሰደው።"

"ጨረቃንም የናንተ አደረግሻት?" አላት ዲያቆኑ።

ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው እንዲነግራት ጠየቀችው። በቃሉ ሲያወርድላት አሥራ ስምንት ላይ ደረሰና "ዜሮ" አለ።

"ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ተሳሳትክ።"

"በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደገና ይጀመራል። ካላመንሽ ሂጂና ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሪ።"

ግምት ማረጋገጫ አለመሆኑን በሰፊው ላብራራ ስነሳ እሷ ኮዱን ከፍታ ማንበብ ጀምራለች። በቀጣዮቹ ሳምንታት አንድ ነገር ጨመረችበት። ፕሮግራሙ ከተሰጡት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን ለብቻ ያስቀምጥና ግምቱን በእነሱ ይፈትናል፤ ከወደቀ መውደቁን ይናገራል። ሥራዋን ለፕሮግራሙ ጸሐፊዎች በኢሜይል ላክንላቸው።

በወላጆች ቀን አባቷ መጥተው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አበቅቴውን ከነዜሮው አስገባችላቸውና ግምቱ የቱ ጋ እንደወደቀ አሳየቻቸው።

"ማሽኑ ይዋሽ ነበር ማለት ነው?"

"አልዋሸም አባ። ያየውን ያህል ነው የገመተው፤ ግን እርግጠኛ መስሎ ይናገር ነበር።"

"ይሄን አንቺ ነሽ የጨመርሽው?"

"አዎ።"

ፊታቸው ጠቆረ። "የሰው ሥራ ነው። ማን ፈቀደልሽ?"

"ባለቤቶቹ። እዚሁ መጀመሪያው ላይ ጽፈውታል።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው መምህር? የሰው ማሳ ገብታ ስትኮተኩት ባለቤቱ ዝም ይላል?"

"እውነት ነው ሐጂ። እንዲያውም አመስግነው ተቀብለዋታል። ከአሁን በኋላ ፕሮግራሙን የሚያወርድ ሁሉ፣ በየትም አገር ይሁን፣ የእሷን ሥራ አብሮ ያገኛል።"

ማያ ገጹን ትንሽ አዩት። "ማሻአላህ" አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው "አክስትሽ ቤት ጠረጴዛ የለም። አሠርቼ እልክልሻለሁ። ይሄ መሬት ተቀምጠው የሚሠሩት አይደለም" አሏት። አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች።

ሸዋ በር፣ ሚኒባስ መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰውዬ ሲያስረዱ በመስኮት ሰማኋቸው፦ "ማሽኑ ከአሥራ ስምንት በላይ መቁጠር አያውቅም ነበር። ልጄ ናት ያስተማረችው።"

ስህተት ሰምቶ ማለፍ አይሆንልኝም። የዚያን ቀን ግን አለፍኩ።