ቅቤ የሌለበት በዓለ ሃምሳ

ኮልፌ ውስጥ እናቱን በረሃብ ይቀጣል ተብሎ የተወራበት ልጅ እኔ ነኝ። ያኔ አላስተባበልኩም፤ ዛሬም አላስተባብልም።

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የእናቴ እግር አበጠ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ደም ብዛት አለብዎት አላት። “ጨው ይቀንሱ፣ ቅቤ ይተዉ፣ በየቀኑ ይራመዱ። አለበለዚያ አንድ ቀን ግማሽ አካልዎ አይታዘዝዎትም።”

እናቴ መንገዱን ሙሉ ሳቀች። “ሰው ካልበላ በምን ጉልበት ይራመዳል?”

እኔ አልሳቅኩም። ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የተጣመመ ስፌት ካየሁ ፈትቼ ካልሰፋሁት አይሆንልኝም። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ብለው የጎረቤት ሴቶች በአጥር ሲያሾልቁ ጎመኑንም እንዲሁ ያዝኩት። መጀመሪያ በውሃ ቀቀልኩት፤ ጠቆረ፣ መረረ። እናቴ ቀመሰችና ሳህኑን ገፋችው። “ይሄ ለበግ ነው።”

ፈትቼ ሰፋሁት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በደረቅ ድስት አበሰልኩ፤ ሊይዝ ሲል ጠብ የሚል ሙቅ ውሃ እያደረግኩ፣ መልኩ እስኪቀላ። ጎመኑን ከግንዱ ለይቼ በስሱ ከተፍኩና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ በኃይለኛ እሳት ላይ ቶሎ አገላበጥኩት። የጨውን ነገር በሎሚና በቃሪያ ሸነገልኩት። መጨረሻ ላይ ቅቤ ሲነጠር የሚገባውን ኮሰረትና ኮረሪማ ወቅጬ ነሰነስኩበት። ሽታው ግቢውን ሞላው። እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ መጣች።

“ቅቤ አስገባህ?”

“አላስገባሁም።”

“ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?”

“ከቅቤው ጓደኞች።”

ጎመኑን በእንጀራ ጠራርጋ በላች።

መራመዱ ባሰ። ያለ ጉዳይ የሚዞር እብድ ነው አለችኝ። ግን እናቴ በዚህ ዓለም ላይ ከምትወደው ነገር አንዱ ዋጋ መከራከር መሆኑን አውቅ ነበር። ስለዚህ የምትሳፈርበትን ጋሪ ተውነውና ከሥራ ስወጣ ገበያ በእግር እንሄድ ጀመር፤ ለመግዛት ሳይሆን ለመጠየቅ። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የቆመ ሁሉ ከእሷ ጋር ተከራከረ። የመጀመሪያ ሰሞን ክንዴን ይዛ ነበር፤ ቆይቶ እኔ ከኋላ ቀረሁ። በርበሬ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያያት ይጮሃል፦

“እማማ፣ በርበሬዬ እኮ በዓይንዎ አለቀ!”

“ዓይን የሚጨርሰው በርበሬ ድሮስ ምን በርበሬ ነው!” ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ፊቷ ያበራል። የእግሯም እብጠት መጉደል ጀመረ።

እንዲህ እያልን ፋሲካ አለፈ፤ ሃምሳው ገባ። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ ከእኛ ቤት የጎመን እንፋሎት ይወጣል። ሰፈሩ ከባድ ንስሐ ነው አለ። አንዲት ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጠየቀቻት።

“ምን በድለሽ ነው የነፍስ አባትሽ እንዲህ የጨከኑብሽ?”

“እሳቸው ምን አደረጉኝ! የጨከነብኝስ ልጄ ነው” ብላ እናቴ ሳቀች።

ቃሉ ከሰፈር ወጣ፤ ሳቁ ግቢ ቀረ። ሆለታ ድረስ ደርሶ የእናቴን ታናሽ ወንድም ቀሰቀሰው። አንድ ቅዳሜ ቅቤ በቅል ይዞ መጣ። ድስቱን ከፈተ፣ አሸተተ፣ በማንኪያ ቆፈረ።

“ሽታው አለ። ቅቤው የታለ?”

“የለም፣ ጋሼ።”

“ጃንሆይ ይሙት! እህቴ በሃምሳው ጎመን? የላም ዘር ጠፍቶ ነው? እቴቴ፣ ልብስሽን ያዢ፤ እወስድሻለሁ። ይሄ ልጅ ሊገድልሽ ነው!”

እኔ ጭቅጭቅ አልወድም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆምኩ።

“ወሰዷት እንበል። የሐኪሙ ቃል የደረሰ ዕለት ግን ማን ያገላብጣታል? እርስዎ ነዎት?”

“አንተ ማን ነህ? ሐኪም ሆንክ?”

“ሐኪም አይደለሁም። ልጇ ነኝ። ከበሩ አልነሳም።”

አጎቴ ወደ ምድጃው ዞረ። ቅቤውን አቀለጠና በእናቴ ሳህን ላይ አፈሰሰው። ጎመኑ ዋኘ። እናቴ ሳህኑን ትክ ብላ አየችው። ቅቤ እንዴት እንደምትወድ እኔም እሱም እናውቃለን። እጇን ዘረጋች። ከአፏ ልነጥቃት አልችልም።

ሳህኑን አንስታ ወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

“አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ” አለችው። “አሁን ደግሞ አንተ እንድታዝለኝ ነው? ብላው። እኔ ገበያ አለብኝ።”

“ምን ልትገዢ?”

“ምንም።”

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ አጎቴ ቅሉን ይዞ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሁሉ እህትና ወንድም ያጣላ ልጅ አለኝ። ይበል። ከዘመድ ሙገሳና በሁለት እግሯ ከቆመች እናት ምረጥ ብትሉኝ ዛሬም ከበሩ አልነሳም።

ያን ዕለት ማታ ግን አለቀሰች። ያስለቀሳት ወንድሟ ይሁን ቅቤው አልገባኝም፤ ቅቤው አምሯት እንደሆነ ጠየቅኳት።

“አማረኝ እንጂ! ምን ትጠይቀኛለህ?” አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። “ይልቅ ጎመኑን አቅርብ። ቃሪያውንም አብዛበት።”

አበዛሁበት።