ለእኔ የተገዛው ድስት

ጳጉሜን 3፣ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ባለቤቴ እስከ በር ሸኝታኝ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አገር ለዶሮ ሽንኩርት ሲልጥ፣ አንተ በባዶ ሆድህ ሱዳን ትሄዳለህ።" በፌስታል ዳቦ፣ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ቋጥራልኛለች። እያሾፈችም ቢሆን ቋጥራልኛለች።

የጉዞዬ ምክንያት ታናሽ እህቴ ናት። ለምለም ኦምዱርማን ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስደውልላት ታነሣለች፣ ደህንነቴን ትጠይቃለች፣ ወዲያው "በል ጋሼ፣ ሥራ አለኝ" ትላለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ዓረፍተ ነገር አላለፍንም። ነሐሴ ላይ ግን እሷው ደውላ "የዘንድሮን እንቁጣጣሽ እኔ ዘንድ ዋል" አለችኝ። ይህ ሁሉ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ከማፍረሱ በፊት ነው።

ለምን እንደተቀየመችኝ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ቤታችን እንደ ብዙ የወሎ ቤት ነው፤ አባታችን ክርስቲያን፣ የእናታችን ወገን ሙስሊም። ለምለም ሰይድን ስታገባ ወደ እናቷ ወገን ሄደች። በአገራችን ደግሞ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ከስምንት ዓመት በፊት ከባሏ ጋር ደሴ መጥታ፣ ሰይድ ያረደውን ዶሮ ወጥ ሠርታ እቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች። አልበላሁላትም።

ሌላም ጭነት ይዤ ነበር፤ ስእለት በሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የከተማው ቄራ የሥጋ መርማሪ ነበርኩ። ቄራችን ሁለት አዳራሽ አለው፣ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የሙስሊም። በሁለት ማኅተም፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ ጠዋት ጠዋት የሁለቱንም ሥጋ ስመታ ኖርኩ። ሐምሌ ላይ ጡረታ ስወጣ ጠግቤ ነበር፤ ሳልበላው ጠገብኩት። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እስከ ዕለተ ሞቴ አልነካም ብዬ ማልኩ፤ ለመለማመድም ከነሐሴ አጋማሽ ጀመርኩ። የአክስቴ ልጅ "ቪጋን ሆንክ ማለት ነው" አለኝ። ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ለለምለም ግን በስልክ አልነገርኳትም። ፊት ለፊት ይሻላል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

ጳጉሜን 3 እስከ 5፣ ጎንደር፣ መተማ፣ ገዳሪፍ

ደሴ ጎንደር ቀኑን ሙሉ ነው። ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ሲጋጭ ዋለ። ለምሳ የቆምንበት ከተማ አስተናጋጇ "ጥብስ፣ ክትፎ፣ ቅቅል" ብላ ስትጨርስ ሽሮ በዘይት ጠየቅኳት።

"ዛሬ እኮ ጾም አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"አሞዎታል?"

"አላመመኝም።"

አዝናልኝ ሄደች። ሽሮው ቅቤ ገብቶበት መጣና መለስኩት። ሁለተኛው ሲመጣ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ።

በማግሥቱ ወደ መተማ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ኬላው ላይ ሦስት ሰዓት ቆምን። ፓስፖርቴን አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው ሰጠው፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው መታልኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ጋላባት ስገባ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ሜዳው አያልቅም፤ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ጭቃ፣ እንደገና ማሽላ።

በማግሥቱ ጠዋት ገዳሪፍ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሱዳን የኖረች ጥሩዬ የምትባል የጎንደር ሴት ቁርስ ታዝልኝ ጀመር። አማርኛዋ እየመጣ እየሄደ ነው።

"ፉል ላዝልህ። በጂብና ነው?"

ጂብና አይብ መሆኑን አውቅ ነበር። "ያለ አይብ" አልኩ።

"ቤድ ይጨመርበት? እንቁላል?"

"እንቁላልም ይቅር።"

ወደ ሻጩ ዞራ በዐረብኛ ብዙ አወራች። ሰውየው አየኝና ራሱን ነቀነቀ። "ምን አለ?" አልኳት።

"ሚስኪን አለህ። ያላ፣ ብላ።"

ፉሉ ከሰሊጥ ዘይትና ከሽንኩርት ጋር መጣ፣ በትኩስ ዳቦ። ከደሴ ከወጣሁ ወዲህ ሆዴ የሞላው ያኔ ነው። ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ብዙም አይበልጥም።

ጳጉሜን 5፣ ኦምዱርማን

ካርቱም ስንደርስ ወደ ማታ ነው። አባይን ከድልድይ ላይ አየሁት፤ የእኛን አፈር ተሸክሞ ቡላ ሆኗል። እሱም የደከመው መሰለኝ። ሰይድ በራሱ ረክሻ ተቀብሎኝ ነበር፤ ባለ ሦስት እግሯን ባጃጅ እዚህ እንዲህ ይሏታል። በኦምዱርማን ገበያ ግፊያ መሀል እየተሹለከለከ ቤታቸው አደረሰኝ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አቧራማ ግቢ።

ለምለም በር ላይ ቆማለች። ከስታለች፤ የእጆቿ ቆዳ በሳሙና ተልጧል። ተሳሳምን። ከዚያ ነው ዶሮዋን ያየሁት፤ ቀይ ዶሮ፣ እግሯ ከውኃው ጋን መቆሚያ ጋር ታስሯል። አጠገቧ የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ድስት አለ።

ሰይድ ደስታው አላስቻለውም። "ለእርስዎ ነው ጋሼ! ነገ ጠዋት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት የሚሠራ የጎንደር ልጅ ይመጣል፤ ክርስቲያን ነው። እሱ ባርኮ ያርዳል፣ እሱው ይገነጥላል፣ እሱው ይሠራል። ድስቱ አዲስ፣ ቢላው አዲስ። የእኛ እጅ አይነካውም። ለምለም ናት ያሰበችው።"

እነሱ ከዚያች ዶሮ አንዲት ጉርሻ አይቀምሱም። ለእኔ ብቻ ነው።

"ለምለሜ" አልኩ፣ "ሥጋ ትቻለሁ።"

"ጾም ነው?"

"አይደለም።"

"ሐኪም ከለከለህ?"

"ማንም አልከለከለኝም። ከዚህ በኋላ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር አልበላም ብዬ..."

"ገባኝ" አለች። ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ያኔ የሙስሊም ነው አልክ። አሁን በክርስቲያን እጅ ሳዘጋጅልህ ደግሞ ሥጋ ትቻለሁ መጣ። የእኔ ቤት ነው የማይዋጥልህ፣ ጋሼ።"

ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ቄራው፣ ስለ ማኅተሙ አወራሁ። እሷ ግን ነገ ሥራ አለባትና ልብሷን ታጥፍ ጀመር። አልጋውን ለቀቁልኝ፣ እነሱ በረንዳ ላይ ተኙ። ያን ያህል ደክሞኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መስከረም 1፣ አዲስ ዓመት

ስነቃ ለምለም ሄዳለች። ሪያድ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ ባለ ቪላ ትሠራለች፤ ሁለት አውቶቡስና አንድ ድልድይ ተሻግራ። "ማዳሟ እንቁጣጣሽ የሚባል ነገር አታውቅም" አለኝ ሰይድ። ለጎንደሩ ልጅ ደውሎ እንዳይመጣ ነግሮታል። ፊቱ ተጨማዷል፤ የእሱ ደስታም ተበላሽቶበታል።

"ሰይድ፣ ገበያ ውሰደኝ" አልኩት።

ምስር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባምያና የሰሊጥ ዘይት ገዛሁ። በርበሬ ለምለም ቤት አለ፤ እኔው ነበርኩ ባለፈው ዓመት በሰው የላክሁላት። ስንመለስ ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እየጮኸች ጠበቀችን። ሰይድ እንቁላሉን አንሥቶ በተስፋ አየኝ። ራሴን ስነቀንቅ መሳቅ ጀመረ፤ ከመጣሁ ጀምሮ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከምድጃው ሥር ጎንበስ ብዬ የቤቱን ድስት አወጣሁ፤ ዳሩ የጠቆረውን፣ በየቀኑ የሚሠሩበትን። ሽንኩርት ከትፌ ጨመርኩ።

ሰይድ ዘሎ ተነሣ። "ጋሼ፣ እሱ የእኛ ነው! ሥጋ የምንሠራበት ነው፤ አዲሱ ያውልዎት።"

"አይቼዋለሁ" አልኩት። እኔን ያሳደገኝ ቤት ይህን ድስት በእጁም አይነካውም ነበር። ሽንኩርቱን ማማሰል ቀጠልኩ።

ለምለም ፀሐይ ስትጠልቅ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ዘረጋች። ከዚያ ድስቱን አየች። ደግሞ እኔን አየች።

"ያን ጊዜ ያስቀየመኝ አለመብላትህ አይደለም፣ ጋሼ። አባባም እኮ የሙስሊም ሥጋ አይበላም ነበር። ነገር ግን ከዘመድ ሲመጣለት በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ለሐጂ እንድሪስ ቤት ይልከው ነበር። አንተ ለውሻ ደፋኸው።"

የድስቱን ክዳን ገጠምኩ።

"ጥላዬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። በአጥሩ አይቼሃለሁ። ውሻው ሲበላ ቆመህ ታየው ነበር።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ረስቼው ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ከዚያች ደቂቃ በፊት ያ ውሻ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስምንት ዓመት ያኮረፈችኝ ወጧን ስላልበላሁ ነው ብዬ፣ በሃይማኖቴ ተከልዬ ኖርኩ። አሁን አፈርኩ፤ ኀፍረቱ ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ።

"አጥፍቻለሁ" አልኳት። "ሃይማኖት አይደለም ያን ያስደረገኝ። ንቀት ነው። ይቅር በይኝ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። አንድ ሰፊ ሳህን አምጥታ ምስሩን ገለበጠችው፣ ባምያውን በጎኑ፣ ዳቦውን በዙሪያው። ተቀምጣ ከእኔ በኩል ቆርሳ አጠቀሰች።

"ጨው አንሶታል" አለች። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ዘፈን የለም፣ አበባ የለም። ለምለም የመጨረሻውን ዳቦ በእጇ እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰይድ ዳቦውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ።

መስከረም 4 እና ከዚያ በኋላ

አርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አዲሱን ድስት በጨርቅ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። "ለአንተ የተገዛ ነው፣ ውሰደው" አለች። ዶሮዋ እዚያው ቀረች፤ ሰይድ እንቁላሏን ለምዷል።

ሁለት ሺህ ዓመት የሚመስል መንገድ ድስት ታቅፌ ተመለስኩ። መተማ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፈተ፤ ውስጡ ለምለም እንደ ሻይ የሚፈላ ከርከዴ ሞልታበታለች። ቀዩን አበባ ቆንጥሮ አሽትቶ መለሰልኝ። ደሴ የደረስኩት ወገቤ ተቆርጦ ነው። ባለቤቴ ድስቱን ዙሪያውን አየችና "ለድስት ነው ሱዳን የሄድከው?" አለች። ነገሩን ሁሉ፣ ውሻውንም ጨምሬ ነገርኳት። እሷም አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አላሾፈችብኝም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሥጋ መተው ይቻላል፤ እኔ እስከ ዛሬ ስእለቴን ይዤአለሁ። ግን ሰው ምን እንደማይበላ እያወራ ዕድሜውን ሊፈጅ ይችላል፤ የሰው ሳህን በእጁ ሲገባ ምን እንዳደረገበት ሳይጠይቅ።

ከሳምንት በኋላ ደወልኩላት።

"ድስቱስ? ለመድከው?" አለች።

"አልነካሁትም። መደርደሪያ ላይ ነው። የአንቺ ነው፤ ስትመጡ ሰይድ ያርዳል፣ አንቺ ትሠሪበታለሽ።"

"በአንተ ቤት? ሥጋ?"

"በእኔ ቤት። እኔ ከጎናችሁ ምስሬን እበላለሁ። የተረፈውን ደግሞ ለሐጂ እንድሪስ ቤት በሁለት እጄ አደርሳለሁ።"

ከወዲያ የረክሻ ጥሩንባ ይሰማኛል። "በል ጋሼ፣ ሥራ አለኝ" እስክትል ጠበቅኩ። አላለችም።