የፎገራ ሜዳ ዝም ያለ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወረታ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥቂት እናቶችና ሁለት አባቶች ቆመው ነበር። የመጡት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆቻቸው አንድ ክፍልና አንድ መምህር ለመጠየቅ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ከሌሎቹ በዕድሜ በጣም ትበልጥ ነበር።

እኔ ወረታ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ልደርስ። መገናኛው ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ባጃጅ ስጠብቅ ነው ሰዎቹን ያየኋቸው። ዕድሜዬን በዘገባ ሥራ ስለጨረስኩ በር ላይ የቆመ ሰው አይቼ ማለፍ አልችልም። ጠጋ ብዬ ለምን እንደቆሙ ጠየቅሁ። ትልቋ ሴት ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አድርጋ አየችኝና፣ «አንተ፣ ጸጉርህን ምን በላው?» አለችኝ። በድምፅዋ አወቅኋት። ፈንታነሽ ናት። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ፣ ሥራ ስጀምር፣ በግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ያኔ እታለም እላት ነበር፤ ሐሙስ ዕለት አንቱ ልላት ብሞክር ሳቀችብኝ።

ባጃጁ መጣ፤ አልተሳፈርኩም።

በዚያ ዘመን ለአንድ የዜና ክፍል የእርሻ ወሬ እሰበስብ ነበር። ዝናቡ ዘገየ ወይ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ የማንን ማሳ ወሰደ፣ ሩዝ መቼ ይታጨዳል፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። የፈንታነሽ ባል ቄስ ማናዬ ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ደብር ያገለግሉ ነበር። ረጋ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ሲቀድሱ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አበጀ ይባላል።

አበጀ ሰባት ዓመቱ ነበር። አይናገርም። ደስ ሲለው በአፍንጫው ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ዜማ ያሰማል። የሩዝ ፍሬ እየለቀመ በደጃፌ ድንጋይ ላይ በመስመር ይደረድራል፤ ሰው ሲረግጥበት አይቆጣም፣ እንደገና ይጀምራል። ድምፅ ግን አይችልም። ወፍጮ ቤት ሥራ ሲጀምር፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ጆሮውን በሁለት መዳፉ ይዞ መሮጥ ነው። ወዴት እንደሚሮጥ አያይም፤ ከድምፁ መራቁን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቄሱና ሚስታቸው በዚህ ልጅ ነገር አይስማሙም ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማለሁ። እሳቸው ጣራ ገዳም ወስደው ለሁለት ሱባኤ ጠበል አስጠምቀውታል። ልጁ ሲጮህ በዙሪያው ያለው ሕዝብ መንፈሱ ለፈለፈ ይላል፤ እሷ ደግሞ የሕዝቡ ጩኸት ነው ያስጮኸው ትላለች። በኋላ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ወደ ጎንደር የመጣ ሐኪም ልጁን አይቶ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ነገራት። መድኃኒት የለውም፣ ግን መማር ይችላል አላት። ከዚያ ወዲህ ፈንታነሽ የያዘችው መማር ይችላል የሚለውን ብቻ ነው።

መስከረምን ሙሉ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ዞረች። አንዱ መናገር ሲጀምር አምጪው አላት። ሌላው ሌሎቹን ያስፈራል አለ። አንዲት መምህርት ደግሞ አብራት አልቅሳ ባዶ እጇን ሸኘቻት። በጥቅምት መጨረሻ ከከተማው ዳር፣ ከሩዙ ማሳ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ «እስኪ አንድ ሳምንት እንየው፤ አንቺ ግን ከበር አትራቂ» አላት። ያን ማታ ግቢያችን ዶሮ ታረደ። በዓል አልነበረም።

ሰኞ ዋለ። አበጀ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የጠመኔ ስብርባሪ ሲደረድር ቆየ። ደወሉን የሚመታው ዘበኛ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ተማሪዎቹ የወጡትና የገቡት በፉጨት ነው። ይህን ያኔ ልብ ያለው ሰው የለም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወሉ ተመታ። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ጥርስ ያንገጫግጫል። እናትየው በር ላይ ተቀምጣ ሳለ ልጁ በጀርባ፣ አጥሩ በፈረሰበት በኩል ወጥቶ ሩዙ ውስጥ ገባ።

ፎገራን በጥቅምት ላላየ ሰው ልንገር። ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ጉብታ የለውም። ሩዙ ዘለላው ከብዶት ወደ አንድ ጎን አጋድሏል፤ ከሥሩ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ አልፎ አልፎ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ጎንበስ ካለ አይታይም። ወቅቱ ደግሞ የግሪሳ ወቅት ነው። በየማሳው መካከል ማማ ቆሟል፤ በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው፣ ጠባቂው እዚያ ላይ ሆኖ ወፍ ያባርራል። ከንጋት እስከ ምሽት ሜዳው በጅራፍ ጩኸት፣ በቆርቆሮና በሆሆታ ይናጣል። እኔ ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ አልሰማውም ነበር። አበጀ ከአንድ ደወል ሸሽቶ የገባው እዚያ ውስጥ ነው።

ወሬው ሲደርሰኝ ሮጥኩ። ከተማውም ወጣ። በአገራችን የጠፋ ሁሉ የሚፈለገው በድምፅ ነው። ላም ስትጠፋ ይጮኻል፤ ሰው ሲጠፋ ይጮኻል፤ የጠፋው አቤት እስኪል፣ ያየውም ወዲህ ነው እስኪል ድረስ። ሁላችንም አበጀ፣ አበጀ እያልን በሰፊው ተሰልፈን ወደ ሜዳው ወረድን። ከፊታችን፣ እሩቅ፣ ሩዙ እየተከፈለ ሲሄድ ታየ። በጮኽን ቁጥር ወደ ርብ ይርቃል። ርብ ገና አልጎደለም ነበር።

ፈንታነሽ ከኋላ ደረሰች። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። በየሰዉ ፊት እየቆመች ዝም በሉ ትላለች። የሚሰማት የለም። አጠገቤ ያለች አንዲት ሴት፣ «እናት ሆና አትጩሁ ትላለች?» አለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መገላገል አምሯት ነው» ስትል ሰማሁ። ፈንታነሽም ሰምታለች፤ አልዞረችም።

«እየነዳችሁት ነው» አለችኝ እጄን ይዛ። «እንደ ከብት ወደ ወንዙ እየነዳችሁት ነው።»

እኔ ዝም አልኩ። አንድ ሰው ዝም ቢል ግን ለሜዳው ምኑም አይደለም። ይባስ ብሎ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ መጣ፤ ከማዶ ያለውም ሕዝብ እንዲወጣ ሊነፋ ነው። ጡሩንባውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ፈንታነሽ መዳፏን በጡሩንባው አፍ ላይ ከደነች።

«ሲሞት እለምንሃለሁ» አለችው። «አሁን ልጄ አልሞተም።»

ሰውዬው ጡሩንባውን ዝቅ አደረገ። በዚህ መሐል ቄስ ማናዬ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ከደብሩ ደረሱ። ሰዉ ለመስቀሉ ገለል አለላቸው። እሷ አላለቀሰችም። ባለቤቷን አንቱ ነበር የምትላቸው፤ «እርስዎን ይሰሙዎታል» አለች። «ሜዳውን ዝም ያሰኙልኝ።»

ቄሱ ለአፍታ አዩዋት። ሁለት ዓመት ሙሉ በግድግዳው ማዶ የሰማሁት ክርክር ሁሉ በዚያች አፍታ ውስጥ ነበር። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና በማሳና ማሳ መካከል ባለችው ጠባብ ድንበር ላይ ሄዱ። ከኋላቸው ተከተልኩ።

የመጀመሪያው ማማ የአያ ዘለቀ ነው። መሬቱ የእሳቸው አይደለም፤ በእኩል፣ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ሊካፈሉ ያረሱት ነው። ጅራፋቸውን እንደያዙ ከላይ ሆነው፣ «አባ፣ ምነው በጭቃ?» አሉ።

«ጅራፉን አስቀምጠው፣ ዘለቀ።»

«ግሪሳው እኮ ጾም አያውቅም፣ አባ። እጄን ካሳረፍኩ ሲመሽ የማጭደው ገለባ ነው።»

«ልጄ ሩዙ ውስጥ ነው። ድምፅ ነው የሚያባርረው ትላለች እናቱ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ቄሱ ዞረው ከኋላ የቀረችውን ሚስታቸውን አዩ። «እሷ ታውቀዋለች» አሉ።

አያ ዘለቀ ማሳቸውን ዞረው አዩት። ጅራፉን ጠቅልለው ከእግራቸው ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ወደሚቀጥለው ማማ ዘርግተው ያዙ፤ ዝም በል ለማለትም እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የዚያ ማማ ጠባቂ አየና ለሚቀጥለው እንዲሁ አደረገ። ቄሱ በጭቃው ውስጥ መስቀሉን ከፍ አድርገው መሄዳቸውን ቀጠሉ። ጅራፍ በጅራፍ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ ድምፁ ከፊታቸው እየጠፋ ሄደ። የከተማውም ሰው ባለበት ቆመ።

በሥራዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አልገጠመኝም። መጀመሪያ የተሰማው ሩዙ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነው። ቀጥሎ ወፉ መጣ። ግሪሳው እንደ ደመና ዞሮ የአያ ዘለቀ ማሳ ላይ ሲወርድ ምንቃሩ ዘለላውን ሲሰብር ይሰማ ነበር። አያ ዘለቀ ማማው ላይ ተቀምጠው እያዩ አልተነቃነቁም።

ከሩዙ ውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ልጁ ርብ ዳር ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረው፤ ይህን ሁላችንም አስበናል። ከጎንደር መንገድ አንድ የጭነት መኪና ክላክስ ነፋ። ፈንታነሽ ዓይኗን ጨፈነች። መንገዱን ዝም የሚያሰኝ ቄስ የለም። ጸሐይዋ ወደ ጣና ማዘቅዘቅ ስትጀምር ያ በአፍንጫ የሚወጣ ዜማ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ከወንዙ በኩል ተሰማ።

እኔ ልሮጥ ስል እሷ ከለከለችኝ። ወደ እሱ ቀጥ ብላ አልሄደችም። ጎን ለጎን፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ እሱን እንደማትፈልግ ሰው ቀስ ብላ ሄደችና ፈንጠር ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቱ ከሩዙ በላይ ብቅ አለ። መዳፉ አሁንም ጆሮው ላይ ነበር። ቆይቶ ቆይቶ መጣና ጀርባውን በጀርባዋ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ወንዙ ጋ ለመድረስ ጥቂት ማሳዎች ብቻ ቀርተውት ነበር። አያ ዘለቀ ከአገልግላቸው የሩዝ እንጀራ አውጥተው ሰጡት፤ ዳር ዳሩን ብቻ በላ።

በማግስቱ ጠዋት ፈንታነሽ ልጁን አጥባ፣ አልብሳ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችው። ብቻዋን እንዳትሆን አብሬያት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ነበር። ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ያስታውቃል። ልጁ ሞቶ ቢሆን የሚጠየቀው እሱ እንደነበር ነገራት። እሷ ደወሉ ከመመታቱ በፊት አንድ ሰው ምልክት ይስጠኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ በር ላይ እቀመጣለሁ አለች።

«እመቤቴ፣ ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ ተብሎ አይተዳደርም» አላት።

«ትናንት ሜዳው ሁሉ ለአንድ ልጅ ዝም ብሏል።»

በሩን ግን አልከፈተም። የልጁን ራስ ሊዳብስ እጁን ዘረጋ፤ አበጀ ሸሸ። ያን ዕለት የጻፍኩት ዜና አጭር ነበር፤ ጠፍቶ የነበረ ሕፃን በኅብረተሰቡ ትብብር ተገኘ የሚል። ስለ ትምህርት ቤቱ የጨመርኩትን አለቃዬ ቦታ የለም ብሎ ቆረጠው።

ከዚያ በኋላ ልጁን የሚቀበል ትምህርት ቤት ፍለጋ ባሕር ዳር ሄዱ፤ አዲስ አበባም ሄዱ። ተራ ጠብቁ ተባሉ፤ ቤት ተከራይተው መጠበቅ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ቄሱ ልጁን ጠበል መውሰድ አቆሙ፤ መጸለይ ግን አላቆሙም። እኔም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ሰውን በችግሩ መካከል ትተኸው የምትሄድበት ሥራ ነው የእኛ ሥራ፤ ከሚቀጥለው ሰው ችግር ላይ ለመድረስ።

ሐሙስ ዕለት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመን ፈንታነሽ የቀረውን ነገረችኝ። ቄስ ማናዬ አርፈዋል። አበጀ ጎልማሳ ሆኗል፤ ቤት ውስጥ ሩዝ ይለቅማል፣ ከግቢ አይወጣም። አንድም ቀን ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ከዚያች ሰኞና ከማክሰኞ ጠዋቱ በስተቀር። ታዲያ አንቺ ለምን መጣሽ አልኳት። አጠገቧ የቆመችውን ልጅ እግር እናት በአገጯ አሳየችኝ፤ ሴትዮዋ ልጇን በነጠላ ከወገቧ ጋር አስራው ነበር። «ይችን ብቻዋን ልተዋት?» አለችኝ።

ስንቶቹን እንዲህ በየበሩ አይቻለሁ እያልኩ አስብ ነበር። የጠየቁት ነገር ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ ሐኪሙ መማር ይችላል ብሏቸዋል፣ የት የሚለውን ግን የሚነግራቸው የለም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ኃላፊ ወጡ። በአንድ ትምህርት ቤት ጥግ የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል መኖሩን፣ እሱን መጠቀም እንደሚችሉ፣ የመምህሩ ነገር ግን ወደፊት እንደሚታይ ነገሯቸው። ወላጆቹ ከኃላፊው የተቀበሉትን የክፍሉን ቁልፍ ለፈንታነሽ ሰጧት።

ትናንት ደወልኩላት። ወንበሮቹ ወጥተዋል፤ ክፍሉ ተጠርጓል። ሰባት ልጆች ገብተዋል። መምህር አልተመደበም።