የንፍሮው ሰልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩም። በጸሎት ቤታችን ሰው እየተነሳ በደሉን ሲናገር እኔም ተነስቼ ተናግሬያለሁ፤ ግን ስለ ሐሜቴና ስለ ቁጣዬ ነበር። ይህኛውን ዋጥኩት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሚዛን ተፈሪ ተቀምጫለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባጃጅ አስቁመው እየወረዱ ይስሙኛል። «ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚበሉት በእርስዎ ተከራካሪነት ነው» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ ምርቃታቸውን እቀበላለሁ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ፊታችሁን አላይም፤ ስለዚህ ይቀለኛል። ባያችሁ ኖሮ ምናልባት ይህንንም አሳምሬ እነግራችሁ ነበር። ማሳመር እችልበታለሁ። ያጠፋኝም እሱ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ የቡና እርሻው ዳር ነበር። ከተማሪዎቻችን ከፊሎቹ የባለሱቅ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የራሱ ቡና ያለው ገበሬ ልጆች ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። የለቀማ ወቅት ሲገባ እናቶቻቸው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ልጆቹ ከማታ የተረፈ ጎደሬ ካለ ቀምሰው፣ ከሌለም እንዲሁ በባዶ ሆዳቸው ይመጣሉ። ረፋዱ ላይ ዴስክ ላይ ይደፋሉ። እንቅልፍ የጣለውን ልጅ ብትቀሰቅሱት ይነቃል፤ ረሃብ የጣለው ግን ዓይኑን ገልጦም አያያችሁም።

አንድ ዓመት አንድ የእርዳታ ድርጅት በቆሎና ቦሎቄ ሊሰጠን ተስማማ። ወላጆች እንጨትና ውሃ ያቀርባሉ፤ ተራ ገብተው ይቀቅላሉ። እህሉ ግን ለተማሪው ሁሉ አይበቃም። ለማን እንስጥ ብለን መምህራን ተሰበሰብን።

የሒሳብ መምህሩ ግርማ ቀድሞ ተናገረ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስብሰባ ላይ ድምፁ ብዙም አይሰማም። «ለሁሉም ይሁን» አለ። «ጥቂት ጥቂት ይድረሳቸው። የጎደለውን፣ አቅም ያላቸው ወላጆች ከጓሯቸው ጎደሬ እያዋጡ ይሙሉ። ልጅን ከልጅ ለይተን አናብላ።»

እኔ ተነሳሁ። የባለሱቁ ልጅ ቁርሱን በልቶ መጥቶ ከደሃው ልጅ አፍ ለምን ይሻማል አልኩ። ለሁሉም ከተበተነ ለማንም ሳይሆን ያልቃል አልኩ። እጅግ የተቸገሩት ተለይተው ይብሉ አልኩ። ከዚያ ወደ ግርማ ዞሬ፣ «መምህር ግርማ ደግ ነው፤ ግን ትምህርት ቤት በደግነት ብቻ አይመራም» አልኩ። ሰው ሳቀ። እጅ ሲወጣ የእኔ ሐሳብ አሸነፈ።

እንዲህ ብሎ መከራከር ብቻውን ኃጢአት ነው አልልም። እንደዚያ የሚያስብ ብዙ ቅን ሰው አለ። እኔ ግን ቅን ነበርኩ? ጌጫ ከተማ ተማሪ ሳለሁ በባዶ ሆዴ ነበር የምማረው። የክፍሌ ልጆች ምሳቸውን ሲፈቱ ሰው የምጠብቅ መስዬ ወደ አጥሩ ዞሬ እቆም ነበር። እኔን ማንም አላበላኝም። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ንግግሬ ሥር አንድ ክፉ ነገር ነበር። የሚበላ ልጅ መቸገሩን አሳይቶ ይብላ፤ እኔ ያፈርኩትን ያህል ይፈር የሚል። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር ልበላችሁ? ገብቶኝ ነበር። ሐሳቤ ሲያሸንፍም ደስ ብሎኛል።

እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ የተቸገሩትን መረጠ። ደወል ሲደወል ስማቸው ይጠራል፤ እነሱ ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ በመስኮት ያዩዋቸዋል። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ስም ወጣላቸው፤ «ንፍሮዎች» ተባሉ። ግርማ አንድ ቀን ቢሮ በር ላይ ጠብቆኝ፣ «ዘውዴ፣ ስም መጥራቱ እንኳ ይቅር» አለኝ።

«ይለምዱታል» አልኩት።

ብርቱካን የእኔ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ስድስተኛ ክፍል። አባቷ ሞቷል። እናቷ የሸኮ ሰው ናት፤ በለቀማ ወቅት ቡና ትለቅማለች፣ በሌላው ጊዜ ቴፒ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ልጅቱ ንጹሕና ኩሩ ነበረች። የተጣፈ ዩኒፎርሟን እንኳ እንዳይጨማደድ ተጠንቅቃ ሰብስባ ነበር የምትቀመጠው። ጥያቄ ስጠይቅ እጇን የምታወጣው ሌላው ሁሉ ሲያቅተው ነው። ለንፍሮው ስሟን ስጠራ ግን አትነሳም። «ቲቸር፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኖ እያየሁት።

አንድ ቀን ከወረዳ እንግዶች ምገባውን ሊያዩ መጡ። ሰልፉ አጭር ሆነብን፤ ከተመረጡት ልጆች ብዙዎቹ ተደብቀዋል። እንግዶቹ «እነዚህ ብቻ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ያ ሁሉ ክርክሬ እነሱ ፊት ሲፈርስ ታየኝ። ወደ ክፍሌ ገባሁ። ብርቱካን ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሺ» አልኳት።

«በልቻለሁ፣ ቲቸር።»

እጇን ይዤ ጎተትኳት። ዴስኩን ይዛ ነበር፤ ጣቶቿን አላቅቄ ጎተትኳት። በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት፣ «እናትሽ የሰው ቆሻሻ ልብስ እያጠበች ነው የምታኖርሽ፤ አንቺ በምን አቅምሽ ነው የምትኮሪው?» አልኳት። አንዱ ልጅ ሳቀ። እኔ ግቢውን አቋርጬ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ሳህን አስያዝኳት። ንፍሮውን እስክትጨርስ ድረስ ከጎኗ ቆምኩ። መሬት መሬቱን እያየች በላች። እንግዶቹ ረክተው ሄዱ። ዘወር ስል ግርማ የራሱ ክፍል በር ላይ ቆሞ ያያል።

ብርቱካን ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም። እናቷ መጣች። አማርኛን የለመደችው ከሰው ጋር ስትውል ነው፤ አንቱታ አታውቅም፣ ለሁሉም ሰው «አንቺ» ነበር የምትለው።

«ቲቸር፣ ልጄን ምን አልሻት?» አለችኝ።

«ምንም አላልኳትም።»

«ታለቅሳለች። ብሞት አልሄድም ትላለች።»

«ስንፍና ነው። ቆጣ ብለሽ ላኪያት።»

እናትየው ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። ምግብ ስለሰጠሻት እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ተከትዬ ብሮጥ፣ «ያስለቀስኳት እኔ ነኝ፣ ስምሽን በልጆች ፊት አዋርጄ ነው» ብላት፣ ልጅቱ ትመለስ ነበር ይሆን? አላውቅም። ቾክ አንስቼ ወደ ክፍል ገባሁ። ብርቱካን ቴፒ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆና መቀጠሯን ቆይቼ ሰማሁ።

ሰልፉ እያጠረ፣ እህሉ እየነቀዘ ሄደ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ የግርማን ሐሳብ ተቀበለ። ወላጆች ጎደሬም በቆሎም አዋጡ፤ ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ በላ። የባለሱቁ ልጅና የለቃሚዋ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲሻሙና ሲሳሳቁ በዓይኔ አየሁ። ግርማ ትክክል ነበር። አንድም ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛወረ።

እስከዚህ ያለው በደሌ የቁጣና የክፋት ነው። የሚከተለውን ግን አስቤበት ነው ያደረግኩት።

ከዓመታት በኋላ ሚዛን ተፈሪ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት ምገባ ስብሰባ ተጠራ። ከየትምህርት ቤቱ ሰው መጥቷል፤ እኔ በምክትል ርዕሰ መምህርነት ሄጃለሁ። ጥያቄው ያው የድሮው ነበር፤ ለሁሉም ነው ወይስ ለድሆች ብቻ? አብዛኛው ሰው ለድሆች ብቻ ወደሚለው አዘነበለ። አንዱ ተነስቶ የተናገረው ልክ የእኔ የጥንቱ ንግግር ነበር፤ ባለሱቁን እንኳ አልረሳም። እጄን አወጣሁ።

የብርቱካንን ታሪክ ተናገርኩ። ስለ ዴስኩ፣ ስለ ጣቶቿ፣ ስለ እናቷ ልብስ አጠባ። ሁሉንም ተናገርኩ። አንድ ቃል ብቻ ቀየርኩ። «ጎተትኳት» ማለት ሲገባኝ «ጎተታት» አልኩ። «አንድ መምህር ነበር፤ እጇን ይዞ ጎተታት» አልኩ። ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። ለማን ነበር ያለቀስኩት?

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ያ ሰውዬ ዛሬም ያስተምራል?» ብለው ጠየቁ።

«ከእኛ ዘንድ ለቋል» አልኩ። በዚህ ላበቃ እችል ነበር። ሴትየዋ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። «እዚሁ ሚዛን ያለ ይመስለኛል» አልኩ።

ከእኛ ትምህርት ቤት ለቆ ሚዛን የመጣ መምህር አንድ ብቻ ነበር። ያኔ የነበሩት ልጆች አድገው ተበትነዋል፤ ርዕሰ መምህሩም አገር ለቋል። ግርማ ራሱ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የሚያርመኝ ሰው እንደሌለ አይቼ ነው የተናገርኩት።

ምገባው ለሁሉም ይሁን ተባለ። ሰው መጥቶ አቀፈኝ።

ግርማ በዚያ ሰሞን ርዕሰ መምህር ሊሆን ታስቦ ነበር። ወላጆች «ልጅ የሚያዋርድ ሰው አይሾምብንም» አሉ። ቀረ። ሰላምታ የሚነፍጉት ሰዎች ሲበዙ ራቅ ወዳለችው ቱም ከተማ ዝውውር ጠየቀ። የሚሄድበት ቀን መናኸሪያ አገኘሁት፤ ሚስቱና ትንሽ ልጁ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ብሸሽ ኖሮ ደግ ነበር፤ አየኝና ወደ እኔ መጣ።

«ዘውዴ፣ ብርቱካንን የጎተትኳት እኔ ነኝ?»

«ስምህን አልጠራሁም።»

«አዎ፣ አልጠራሽም።»

አልጮኸም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን ወጥተህ አትናገርም?» አልኩት፤ እንደ መቆጣት ብዬ።

«ብናገር ውሸታም ትባያለሽ። ነገሩ ሁሉ ውሸት ነበር ይባላል። ምገባውን ያልወደዱት ሰዎች የሚጠብቁት ይህንን ነው» አለ። «ልጆቹ መብላት ከጀመሩ ገና ምናቸው ነው? ነገሩ እስኪረጋ ድረስ ዝም እላለሁ። ሲረጋ አንቺው ራስሽ ትናገሪዋለሽ።»

ይህን ያለኝ አምኖኝ ነው። ገብቶ ተቀመጠ፤ ሚኒባሱ ሄደ። ነገሩ ረጋ። ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። እኔ አልተናገርኩም። መጀመሪያ ምገባውን እንዳልጎዳ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሰው ረስቶታል አልኩ። ከዚያ ሰበብ መፈለጉንም ተውኩት።

ብርቱካንን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ለጉዳይ ቴፒ ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ባለቤቷ እሷ ሆና ተገኘች። ገና ሳያት አወቅኳት። እሷም አወቀችኝ። ምሳዬን ራሷ አምጥታ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ብርቱካን፣ ያን ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «ያ ንፍሮ ጣፈጠኝ። እያዋረድሽኝ፣ ሰው እያየኝ፣ ርቦኝ ስለነበር ጣፈጠኝ። ያን ያህል ዘመን ያቃጠለኝ እሱ ነው። አንቺን ከመጥላቴ በፊት ራሴን ጠላሁ።»

የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

«አሁን ልጄ እዚያው ነው የሚማረው፤ ሁሉም አብረው ይበላሉ» አለች። «ግን ሰው መምህር ግርማ ጎተቷት ይላል። እሳቸው እኮ ሳልመጣ ስቀር ቤታችን ድረስ መጥተው ተመለሺ ብለው የለመኑኝ ናቸው። በእሳቸው ላይ ለምን አደረግሽው?»

ግርማ ቤቷ ድረስ መሄዱን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። «አላውቅም» አልኳት። አውቃለሁ እንጂ። መወደዱ አማረኝ። ሥራውን የሠራው ግርማ፣ ዋጋውን የከፈለችው ብርቱካን፣ የተመሰገንኩት እኔ።

ብርቱካን ተነሳች። «ለእናቴ ብለሽ ሳይሆን ለእሳቸው ብለሽ ተናገሪ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ይህም ከሆነ ብዙ ጊዜ አለፈ። ግርማ ዛሬም ቱም ነው ያለው። ያቺ ትንሽ ልጁ አድጋ እዚህ ሚዛን ትማራለች፤ አንድ ሰው ፊት ለፊቷ ስለ አባቷ ያንን ሲያወራ ሰምታ አለቀሰች ብለው ነገሩኝ። የነገሩኝ ሰዎች እኔን ለማስደሰት ነው የነገሩኝ። ወደ ቱም መኪና አይጠፋም። አልሄድኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልኩም። በልጅነቴ ተርቤ ነበር ማለቴንም እንደ ሰበብ አትቁጠሩልኝ፤ ግርማም ተርቦ ያደገ ሰው ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ታሪክ ከማንም አፍ ስትሰሙ አርሙ። ልጅቱን ከዴስኳ አላቅቄ የጎተትኳት እኔ ነኝ። እናቷን የሰደብኳት እኔ ነኝ። መምህር ግርማ በዚያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ከማልቀስ በቀር ምንም አላደረገም።